ማር ሞልተን የመለስነው ብልቃጥ

ሀብትነሽ ሰባት ዓመት ጎረቤቴ ሁና ፊቷን ደህና አድርጌ አይቸ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? እኔን አምለሰትን! ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ለማን ደብዳቤ እንደጻፈ፣ የማን ጓዳ እህል እንዳለቀበት ሳልጠየቅ የምናገረውን! አንድ ግቢ ነው እኮ የምንኖር። የእኔ ቤት ከፊት፣ እሷ የተከራየችው ክፍል ከኋላ፣ በመካከላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ። ስታስል እሰማለሁ። ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ። ሰው ሲያናግራት ግን ሰምቸ አላውቅም። የሚያናግራት የለማ።

ፈረስ ቤት ከምትባለው የደጋ ከተማ ነው የወረደች። እዚያ ባል ነበራት። መንታ አርግዛ ሁለቱም ሳይበረክቱላት ቀሩ። በእርግዝናዋ ጊዜ ፊቷ ላይ የወጣው ማድያት ግን አልሄድ አለ። ከዚህ ጉንጭ እስከዚያ ጉንጭ በአፍንጫዋ ላይ አልፎ፣ ጥላሸት በነካው እጅ የዳበሷት ነው የሚመስል። ባልዮው "ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ልጆቹ ይመጡብኛል" ብሎ ሌላ አገባ አሉ። እሱ ረስቶ ሊኖር፣ እሷ በፊቷ ተሸክማ ልትዞር።

ፍኖተ ሰላም መጥታ ከጋሸ አብዱልሀኪም መጋዘን በርበሬ ቀንጣሽ ሆነች። ሥራውም የተስማማት ለዚህ ነው። በርበሬ ስትቀነጥሺ ያስነጥሳል፣ ዐይን ይለበልባል፤ ስለዚህ ሴቱ ሁሉ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ጠምጥሞ ነው የሚቀመጥ። ሌሎቹ ግን ሥራ ሲለቁ ነጠላቸውን ፈተው አራግፈው፣ እየተሳሳቁ ይሄዳሉ። እሷ እንደተሸፈነች ትገባለች፣ እንደተሸፈነች ትወጣለች። ምሳዋን ከጆንያው ጀርባ ሂዳ ወደ ግድግዳ ዙራ ነው የምትበላ። ማኅበር የላትም፤ ማኅበር ሲጠጣ ፊት ይገለጣላ! ቤተ ክርስቲያንም ገና ወገግ ሳይል ትሄድና ሕዝቡ ሳይበተን ትመለሳለች። እንዲህ ሁና ነው ሰባት ዓመት የኖረች።

ከዚያ ላቀው መጣ።

ላቀው የማንኩሳ ገበሬ ነው። ሚስቱ ሙታበት ብቻውን የቀረ፣ በርበሬው የሚመሰገንለት ሰው። ጭነቱን አምጥቶ እስኪመዘንለት ወረፋ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ደግሞ ቦታ የጠፋ ይመስል ከሀብትነሽ ክምር ጎን ነው የሚቀመጥ። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ። እኔም አንዳንዴ እዚያ ሂጀ ቁጭ እላለሁ። ዐይኔ ደክሞ መቀንጠስ አልችልም እንጅ ጆሮየስ ደህና ነው።

"አንች ሴትዮ፣ ይሄን መሸፈኛ የምትፈችው መቼ ነው?" ይላታል።

"በርበሬው ሲያልቅ።"

"አያልቅማ! እኔ እየዘራሁት እንዴት ያልቃል?"

"እንግዲያማ አትዝራው።"

"ምን በልቸ ልደር?"

"ጤፍ ዝራ። ጤፍ አያስነጥስም።"

ይሄን ጊዜ ሀብትነሽ ሳቀች። ስትስቅ ሰምቻት ስለማላውቅ በርበሬ ያነቃት መስሎኝ ውኃ ላቀብላት ብድግ አልሁ።

የጥምቀት ሰሞን የመጨረሻውን ጭነት አስመዝኖ ሲጨርስ ተነሳና እንዲህ አላት፦ "እንግዲህ እኔ በርበሬየን ጨረስሁ። እስከ ፋሲካ አልመጣም። ለዳግማይ ትንሣኤ ግን አንድ ሽማግሌ ይዠ ከቤትሽ እመጣለሁ። ያን ቀን በርበሬ የለም፣ መሸፈኛም የለም። ሰምተሻል?"

ሀብትነሽ በርበሬው ላይ አቀረቀረች። የምትቀነጥሰው እጇ ብቻ ቀጥ አለ። ላቀው ዝምታዋን እሽታ ነው ብሎ ፈገግ እያለ ሄደ። እኔም እሽታ መስሎኝ ነበር። ለካ ፍርሃት ኑሯል። ድምጽዋን ነው የሚያውቅ፤ ዐይኗን ቢያይ ነው፣ ያውም በበርበሬ የቀላውን። ሌላውን አላየውም።

በሳምንቱ አንዲት ነጭ መኪና ሞንታርቦ ጭና ከተማ ገባች። ጊዜው ሚሊኒየም ተብሎ የተጨፈረው ካለፈ በዓመቱ ነው። ያኔ በሞንታርቦ የማይጠራ ነገር አልነበረም፣ ስብሰባውም፣ ክትባቱም፣ የጫማ ቅናሹም። ይች ደግሞ፦ "ማድያት! ቡግር! ጠባሳ! ጠራርጎ የሚያጠፋ የፊት ቅባት! አስራ አምስት ቀን በነጻ ይሞክሩ! ካልወደዱት ይመልሱ! ምንም አይከፍሉም!" እያለች ታስተጋባለች።

ሀብትነሽ ከቤቴ ደጃፍ መጥታ ቆመች። መጥታ አታውቅም።

"እማማ አምለሰት፣ ይሄ መኪና የሚለውን ሰምተውታል?"

"መስማትማ! የተቀበረም ሰምቶታል።"

"ለእህቴ ልልክላት ብየ ነው።"

"እህት አለሽ እንዴ?"

ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ሳብ አደረገች። እኔም ምላሴን ነከስሁ። ነጠላየን አንስቸ "ነይ እንሂድ፣ ለእህትሽ እናምጣላት" አልኋት።

ሰውየው ምስክር ይባላል። አንዴ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁ ይላል፣ አንዴ ከባሕር ዳር። እንደ ሐኪም ነጭ ካፖርት ደርቧል። ሐኪም ነህ ወይ ስለው "የቆዳ ባለሙያ ነኝ እናቴ" አለኝ። አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ አወጣና ለሀብትነሽ ሰጣት። ወዲያው ደግሞ ወረቀት ዘረጋ። ፊደሉ ከጤፍ ይደቅቃል። ጣትሽን ቀለም ነክረሽ አሻራ አኑሪ አላት።

"ነጻ ከሆነ ወረቀቱ ለምንድን ነው?" አልሁት።

"ለምዝገባ ነዋ! ነጻ ነገርም ይመዘገባል።"

"ጣትስ?"

"ጣትማ፣ መጻፍ ስለማትችሉ ነው።"

እንዲህ ሲለን አፈርን። ሀብትነሽ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አስቀመጠች። የት ነው የምትሠሪው ብሎ ጠየቃት፤ ነገረችው። ከሰዓት መጋዘኑ ድረስ ሂዶ ጋሸ አብዱልሀኪምን "የጤና ጉዳይ ነው፣ ሠራተኛዎ መሆኗን ብቻ ያረጋግጡልን" ብሎ አስፈረማቸው። እሳቸው ደግሞ ጤና ከተባለ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚፈርሙ ሰው ናቸው።

ሦስት ቀን ተቀባች። በግድግዳው በኩል ስታንጎራጉር ሰማኋት። በአራተኛው ቀን ፊቷ ነደደ። ሌሊቱን ውኃ ስታፈስበት አደረች፤ ጧት ቆዳዋ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር። ቅባቱን አስቀመጠችው። ምን ይደረግ ብላ ጠየቀችኝ።

"ምን ይደረጋል? ካልወደዳችሁት መልሱ ብሎ የለ? ቀኑ ሲደርስ እንመልሳለን።"

አሁን ጥፋቴን ልናገር። እኛ አገር ጎረቤት በሳህን ቆሎ ቢልክልሽ፣ ሳህኑን አጥበሽ ጎመንም ይሁን ድንች ጣል አድርገሽበት ነው የምትመልሽ። ባዶውን ከመለስሽ ሰውየውን ንቀሽዋል። ጣትሽን የነከርሽበትን፣ የተጠየፍሽውን መልሰሽ ብትሰጭውማ የባሰ ነው። ስለዚህ ያንን ቅባት ትልም የማይገኝበት አመድ ላይ ደፋሁት። ብልቃጡን በሙቅ ውኃ አጠብሁት፣ በፀሐይ አደረቅሁት። ወንድሜ ከቡሬ ከላከልኝ ነጭ ማር እስከ አፉ ሞላሁና ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ አሰርሁት። ሀብትነሽ ስታየው ደስ አላት። "እንዲህ ከሆነስ አያፍርብንም" አለች።

በአስራ አምስተኛው ቀን ወሰድንለት። ምስክር ጨርቁን ፈታ፣ በጣቱ ጠንቆል አድርጎ ቀመሰ፣ ሳቀ። "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ጨዋ ናችሁ" አለኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫረ። እኛም ተመርቀን እንደተሸኘን ሁሉ ደስ ብሎን ወደ ቤታችን።

የየካቲት መጨረሻ ሀብትነሽ ደመወዟን ልትቀበል ስትል ጋሸ አብዱልሀኪም አንገታቸውን ደፉ። ከገንዘቡ ጋር አንድ አዲስ ብልቃጥ አስቀመጡላት።

"ልጀ፣ የቅባቱ ሰዎች የስምንት ቀን ድካምሽን ወስደውብሻል። ቅባቱን ጨርሰሽዋል፣ ብልቃጡን ባዶውን ነው የመለስሽ ይላሉ። የጨረሰ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ሊገዛ ተስማምቷል ይላል ወረቀቱ። አንች ባትከፍይ ከእኔ ነው የሚወስዱ። ፈርሜላቸዋለሁ፣ አላህ ይይልኝ።"

ሃያ ሴት ዙሪያውን ተቀምጧል። ሀብትነሽ ይሄ ነገር ሐሰት ነው ብትል፣ ምኑ ይባላል። ቅባቱ ይባላል። ለምን ወሰድሽው ይባላል። ፊትሽን አሳይን ይባላል። ብልቃጡን በነጠላዋ ሥር ደብቃ ወጣች። በመጋቢትም እንደዚያው።

ለእኔ አንድ ቃል አልነገረችኝም። የጠረጠርሁት ማድጋዋ ዝም ሲል፣ እሳቷ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ሳይነድ ሲቀር ነው። ሑዳዴ ነው፣ ጾሙ ይሆናል ብየ ተውሁት። በኋላ ግን አላስችል አለኝ። እሷ ሥራ ስትሄድ ክፍሏ ገባሁ። ጣራው ያፈስ እንደሁ ልይ ብየ ነው እንጅ... እሽ፣ ይሁን፣ ልሰልል ነው የገባሁ። ከአልጋዋ ሥር ያልተከፈቱ ሁለት ብልቃጦች አገኘሁ። አጠገባቸው ሦስት አዲስ ብርጭቆ፣ ከነወረቀታቸው። ሰባት ዓመት በአንድ ኩባያ የኖረች ሴት ሦስት ብርጭቆ ገዝታለች። ለላቀው፣ ለሽማግሌው፣ ለራሷ። ምግቧን ትታ ነው የገዛችው። ቁጭ ብየ አለቀስሁ።

አልቅሸ ስጨርስ ቦኖ ውኃ ሄድሁና ውኃ ለምታስቀዳው ለሠርክአዲስ ነገርኋት። ለእሷ ብቻ ነው የነገርኋት። ለሠርክአዲስ መንገር ግን ለሞንታርቦ መንገር ነው፤ አውቀዋለሁ።

ማታ ሀብትነሽ በግድግዳው በኩል ጠራችኝ።

"እማማ፣ ለሰው ነገሩብኝ አይደል?"

"ለአንድ ሰው ብቻ ነው።"

"ለየትኛዋ?"

"ለሠርክአዲስ።"

"እንግዲያማ ቡሬ ደርሷል" አለች። ጾሟን ውላ ስትቆጣ እንኳ ድምጽዋ አይነሳም። "ዛሬ ሲቀነጥሱ ሁሉም ያዩኝ ነበር። ዐይናቸው ከነጠላየ ላይ አልተነሳም። እንግዲህ ካወቁት ምን እሸፍናለሁ፤ ሰውየውን እከሰዋለሁ።"

የሚገርማችሁ፣ በማግስቱ ሦስት ሴቶች ተራ በተራ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታይ እቤቴ መጡ። ሦስቱም ብልቃጥ እየተላከባቸው ነው። አንደኛዋ ከእንቁላል ሽያጭ፣ አንደኛዋ ከባሏ ኪስ እየሰረቀች ነው የምትከፍል። "ኑ፣ ከሀብትነሽ ጋር ቁሙ" አልኋቸው። "ኧረ እማማ! ባሌ ቢሰማስ! ለማን ልታምሪ ነው ቢለኝስ!" ሦስቱም በመጡበት ተመለሱ። ማናቸው እንደሆኑ አልናገርም። ደግሞ አትጨቅጭቁኝ።

የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አንዲት ጠባብ ቤት ናት። ሦስት ዳኞች፣ አንድ ወንበር ለከሳሽ፣ አንድ ለተከሳሽ፤ ሌላው ሰው በመስኮት። መስኮቱ ጢም ብሏል። ያ ሁሉ ሰው ግን ለማየት ነው የመጣ፣ ከእሷ ጎን የቆምሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ጥፋተኛ ስለሆንሁ ነው።

ምስክር ተነስቶ ያንን ወረቀት ዘረጋ። "ክቡራን ዳኞች፣ ተስማምታ ፈርማለች። ከግማሽ በላይ ያለቀ ብልቃጥ እንደተመለሰ አይቆጠርም ይላል። እሷ ባዶውን ነው የመለሰች። ከጨረሰችው ደግሞ ጠቅሟታል ማለት ነው።"

"ባዶውን ነው?" አልሁ ከቆምሁበት ወደፊት ራመድ ብየ። "ማሩን ጣትህን እየላስህ የበላኸውስ?"

መስኮቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ራሳቸው ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "እናታችን፣ ምን ማር?" አሉኝ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሞልቸ፣ አስሬ እንደሰጠሁት ተናገርሁ።

"ሰማችሁ!" አለ ምስክር። "ቅባቱ እንዳልነበረበት ራሳቸው መሰከሩ።"

ሳቁ ጸጥ አለ። እኔ ላድናት ብየ ጉድጓድ ጨመርሁላት። ዳኞቹ ተያዩ። ሰብሳቢው ወደ ሀብትነሽ ዞረው "አልጠቀመኝም የምትይ ከሆነ ምን ታሳያለሽ?" አሏት።

ሀብትነሽ ተነሳች። ነጠላዋን ከአገጯ ጀመረች፤ ፈታችው፣ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ከዐይኗ ሥር አብጧል። ጉንጯ የተላጠው ቀይ፣ ያልተላጠው ከድሮው የባሰ ጥቁር። በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት "እመቤቴ!" ስትል ሰማሁ። ሀብትነሽም ሰምታለች። ዐይኗን አልሰበረችም። እንደዚያው ቆመች።

"ይበቃል ልጀ፣ ተሸፈኝ" አሉ ሰብሳቢው።

አልተሸፈነችም።

ከዚህ በኋላ ከደመወዟ እንዳይቆረጥ፣ የተቆረጠውም እንዲመለስ ተወሰነ። መቆረጡ ቀረ። ምስክርን ግን ገንዘቡን መልስ የሚለው አልተገኘም። በማግስቱ ደምበጫ ላይ ሞንታርቦውን ሲያስጮህ አይተነዋል አሉ። እሱ እንደሆነ ሌላ ከተማ አያጣም።

ፋሲካ አለፈ። ሀብትነሽ ግቢያችን ውስጥ መሸፈን ተወች። "ለዳኞች የገለጥሁትን ለላቀው አልሸፍንም። አይቶ ይወስን" አለችኝ። ቁርጥ ያለ ነገር ነበር። የዳግማይ ትንሣኤ ለት ታጥባ፣ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ነጭ ለብሳ ከእኔ ጋር ከበሩ አጠገብ ቆመች። ፊቷ ዕብጠቱ ጎደል ብሏል፣ ጥቁረቱ ግን እንዳለ ነው። ዕድሜዋ ላይ አስር ዓመት ጨምሮባታል።

ላቀው አልዋሸም። አንድ ሽማግሌ ይዞ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ መጣ። ቡርቅ ቡርቅ ሊል ምንም አልቀረው። እኔን ሳመኝ። ለሀብትነሽ "እንደምን ዋልሽ እህቴ" አላትና ጎንበስ አለ። ከዚያ ዐይኑን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ወደ ክፍሏ በር ተመለከተ።

"እማማ፣ ሀብትነሽ የለችም እንዴ?"

በቁሜ ደረቅሁ። የጠላት ፊት አልነበረም ፊቱ። እሷ መሆኗን ሳያውቅ ነው። አንዲት ቃል፣ "አለሁ" ብትለው፣ በድምጽዋ ይለያት ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ተከፈተ። ከዚያ ተዘጋ። ወደ እኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች፣ እንዲያው ትንሽ፣ ከእኔ በቀር ሰው የማያየው።

እኔ ደግሞ፣ ዕድሜየን ሙሉ አፌን መዝጋት ያቃተኝ ሴት፣ "ለበዓሉ ፈረስ ቤት ወጥታለች" አልሁት።

"መቼ ትመለሳለች?"

"እንጃ ልጀ።"

"እመጣለሁ ብያት ነበር እኮ" አለ። ሽማግሌው እጁን ያዙት። ጥቂት ቆሞ "መጥቶ ነበር ይበሉልኝ" አለኝ። ለእሷም "ደህና ዋይ እህቴ" ብሏት ወጣ።

ኮቴያቸው ሲርቅ ጮህሁባት። "ምነው! ምነው አንች! ምን ነክቶሽ ነው?"

"ፊቴን አየና ከኋላየ ሌላ ሰው ፈለገ" አለችኝ። "እሷን ይፈልጋት፤ የምትስቀውን። እኔን አግኝቶ ከሚያጣት።"

ላስምልዎት አለችኝ፣ ላልነግረው ማልሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ እሷ ከግድግዳው ኋላ ትንፋሿን ውጣ እየሰማች እኔ መለስሁት። የሰው ምስጢር ይዠ የማውቀው ያንን ብቻ ነው፤ እሱንም ይዠ ምን እንደጠቀምኋት አላውቅም።

ሰኔ ላይ ዕቃዋን በአንድ ኬሻ ከትታ ቡሬ ወረደች። እዚያም የበርበሬ መጋዘን አለ፤ የሚያውቃት የለም። ተሸፍና ትገባለች፣ ተሸፍና ትወጣለች ብሎ ወንድሜ ነገረኝ።

ኅዳር ላይ ላቀው አዲሱን በርበሬ ጭኖ መጣ። ከድሮው ቦታው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አየሁት። ከጎኑ የምትቀነጥሰው ልጅ ነገረኛ ናት፣ ልታጫውተው ሞከረች። እሱ ዐይኑን ከሚዛኑ አላነሳም። እኔም ከፊት ለፊቱ ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። በርበሬው ተመዝኖ እስኪያልቅ ድረስ እሱም አንድ ቃል አልተናገረ፣ እኔም አንድ ቃል አልተናገርሁ።